ናይትሮጅኔን በግ በላው

ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ቁልቁል ሲወረድ ካሉት አሮጌ ግቢዎች በአንዱ ነው የምኖረው። ከቤቱ ጀርባ አሥር ካሬ ሜትር የምትሆን መሬት አለች። እንዳትስቁ፤ አራት ኪሎ ላይ አሥር ካሬ ባዶ መሬት ሀብት ነው። ለዓመታት ጎመንና ቆስጣ ሳፈራርቅባት ኖርኩ። ቀስ በቀስ ግን ጎመኑ ቅጠሉ አነሰ፣ ከታች በኩል ያለው ደግሞ ቢጫ እየሆነ መርገፍ ጀመረ። ያየው ሁሉ "መሬቱ ደክሞታል" ይለኛል። እኔም የሆነ ቦታ የሰማሁትን ይዤ "አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል እዘራበታለሁ፣ ናይትሮጅን ይሰጠዋል" አልኩ። እንዴት እንደሚሰጠው ግን አልጠየቅኩም።

ሰኔ ላይ ዘራሁ። ቶሎ እንዲነሳልኝ ብዬ ዩሪያም በተንኩበት። አልፋልፋው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ግጥም አለ። ጎረቤቴ እትዬ ለፋሲካ ብለው ሁለት በግ ያረቡ ነበርና "አንተ ልጅ፣ ይሄ ሣር ዝም ብሎ ከሚያረጅ ለበጎቼ ብታጭድልኝስ?" አሉኝ። ደስ ብሎኝ አጨድኩ። ያድጋል፣ አጭዳለሁ፤ ያድጋል፣ አጭዳለሁ። በጎቹ ወፈሩ፣ ፋሲካ ደረሰ፣ ጣጣው አለቀ። ከዚያ አልፋልፋውን ነቅዬ ጎመን ተከልኩ። ጎመኑ ያው ቢጫ!

መጀመሪያ የተናደድኩት በአልፋልፋው ነበር። በኋላ ሲገባኝ አልፋልፋው ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ያውም በየደረጃው። የት የት እንደተሳሳትኩ ለመረዳት ግን ነገሩን ከሥሩ ማየት ግድ ሆነብኝ። ለከብት መኖ የሚሆን የጥራጥሬ ዘመድ ዘርቶ መሬትን መሸፈን ጥሩ ሐሳብ ነው፣ የሚሠራ ሐሳብም ነው። ብዙ ሰው ግን እኔ በተረዳሁበት መንገድ ስለሚረዳው ደግሜ ልንገራችሁ።

የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ጎመን ቅጠሉን ለመሥራት ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገውም ናይትሮጅንን ነው። ታዲያ ለምን ይራባል? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እዚህ ላይ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆኖ በሦስት እጥፍ ማሰሪያ የተቆላለፈ ነው፤ ተክል ይሄንን ቁልፍ መፍታት አይችልም። ተክል የሚበላው ተፈትቶ አሞኒየም ወይም ናይትሬት የሆነውን ብቻ ነው። የሰው ልጅ ቁልፉን በፋብሪካ መፍታት የቻለው በቅርቡ ነው። ፍሪትዝ ሃበር የሚባለው ጀርመናዊ በ1909 በቤተ ሙከራ አሳየ፣ ካርል ቦሽ ደግሞ በ1913 ወደ ፋብሪካ አወጣው (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። የሚጠይቀው ሙቀት ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ ግፊቱም ከምንኖርበት አየር ግፊት ሁለት መቶ እጥፍ ገደማ። በጅቡቲ በኩል በመርከብ የሚመጣልን ዩሪያ የዚህ እሳት ልጅ ነው።

አፈር ውስጥ ያለች በዓይን የማትታይ ባክቴሪያ ግን ይሄንኑ ሥራ ያለ እሳት ትሠራዋለች። ራይዞቢየም ትባላለች። ብቻዋን ግን አትችልም። ቁልፉን መፍታት ብዙ ጉልበት ስለሚፈጅ ስኳር የሚያበላት ትፈልጋለች። ስኳሩን የሚሰጧት ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ አልፋልፋ፣ ቬች የሚባለው የመኖ ሐረግ እና ሌሎቹ የጥራጥሬ ወገኖች ናቸው። ተክሉ በሥሩ በኩል "ነይ" የሚል ኬሚካል ይለቃል። ባክቴሪያዋ በሥሩ ፀጉር በኩል ትገባለች፣ ተክሉም ትንሽ ዕባጭ ይሠራላትና በውስጡ ያኖራታል። እሱ ቤትና ስኳር፣ እሷ ናይትሮጅን። ሄልሪገልና ዊልፋርት የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ይሄንን ለዓለም የነገሩት በ1886 ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ቤየሪንክ የተባለ ሆላንዳዊ ባክቴሪያዋን ለብቻዋ ለይቶ አወጣት። ከዚያ በፊት ገበሬ በዓይኑ ያየው ነበር፣ ምክንያቱን የሚነግረው ጠፍቶ እንጂ።

ዕባጩን አንድ ጊዜ ፈልቅቃችሁ እዩት። እኔ ካየሁት የእርሻ ነገር ሁሉ በጣም ያስገረመኝ እሱ ነው። ውስጡ ቀይ ነው፣ ልክ እንደ ጥሬ ሥጋ። እንዲያው አመሳስዬው ብቻ አይደለም፤ ቀዩን ያመጣው ነገር የደማችን ቀይ ቀለም ዘመድ ነው፣ እንደሱ ብረት የያዘ። ለምን አስፈለገ? ናይትሮጅኑን የሚፈታው ኢንዛይም ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል፤ ባክቴሪያዋ ግን ለመተንፈስ ኦክስጅን ያስፈልጋታል። ስለዚህ ተክሉ ኦክስጅኑን በዚህ ቀይ ነገር እየያዘ፣ ቀስ እያለ በልክ በልኩ ያቀብላታል። ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናት። ነጭ ከሆነ ገና አልጀመረችም ወይም ሰነፍ ዘር ናት። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ጊዜዋ አልፏል። በጥፍር የሚሠራ ላቦራቶሪ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። አልፋልፋዬን ስነቅል ሥሩ ንጹህ ነጭ ነበር፣ አንድም ዕባጭ የለበትም። ያኔ እንደውም "ሥሩ ጤነኛ ነው" ብዬ ተደስቼ ነበር!

ዕባጭ ያልነበረው አንደኛ በዩሪያው ምክንያት ነው። ተክል ሞኝ አይደለም። ባክቴሪያ መቀለብ ያስከፍለዋል፣ ስኳሩን ይወስድበታል። አፈሩ ውስጥ የተዘጋጀ ናይትሮጅን በነፃ ካገኘ ለምን ብሎ ይቀልባል? በሩን ይዘጋባታል። እኔ ናይትሮጅን እንዲሠራልኝ የቀጠርኩትን ሠራተኛ በዩሪያ አጥግቤ አስተኛሁት ማለት ነው። ከጥራጥሬ ወገን ከአየር ናይትሮጅን የምትጠብቁ ከሆነ ዩሪያ አይቀርብም። ትኩስ የዶሮ ኩስም ቢሆን ያው ነው።

ሌላው ምክንያት ደግሞ እንግድነት ነው። ራይዞቢየም ስንል አንድ ዓይነት አይደለችም። የባቄላ፣ የአተርና የምስር ባክቴሪያ አንድ ናት፤ ቬችም ጓያም የሚጋሩት እሷኑ ነው። አልፋልፋ ግን የራሱ ሌላ አለችው፣ ማገጥም እንዲሁ። ሸዋ ውስጥ ባቄላና አተር ስንት ሺህ ዓመት ሲዘራ የኖረበት መሬት ለቬች ቤቱ ነው፤ ባክቴሪያዋ እዚያው ትጠብቀዋለች። አልፋልፋ ግን በማያውቀው አገር ዘመድ የሌለው እንግዳ ይሆናል። ለዚህ ነው ዘሩን ከባክቴሪያ ጋር ለውሶ መዝራት የሚባለው ነገር የመጣው። በእኛ አገር ሕያው ማዳበሪያ ይሉታል፣ በትንሽ ከረጢት ታሽጎ ነው የሚቀርበው። የቬችን ግን በቀላሉ መወጣት ይቻላል። ባቄላ ጥሩ ሆኖ ከበቀለበት መሬት ሥሩ አካባቢ ያለውን አፈር እፍኝ ሁለት እፍኝ ታመጣላችሁ፣ ዘሩን በስኳር ውሃ ትንሽ አርሳችሁ አፈሩን ትለውሱበታላችሁ፣ ጥላ ውስጥ። ፀሐይ ባክቴሪያዋን ይገድላታል፤ በዚያው ቀን ዘርታችሁ አፈር ማልበስ ነው። እኔ አፈሩን ያመጣሁት አጎቴ ጋር ከሰላሌ ነው፣ በፌስታል። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጸበል የተቀባ አፈር መስሎት በአክብሮት ነው ያየኝ።

እስካሁን ያወራሁት ትንሹ ጥፋት ነው። ዕባጩ ቢኖርም፣ ቀይ ቢሆንም፣ ጎመኔ ቢጫ መሆኑ አይቀርም ነበር። ምክንያቱም አብዛኛው ሰው "ጥራጥሬ ለመሬት ናይትሮጅን ይሰጣል" ሲባል ተክሉ ከታች በሥሩ ናይትሮጅን እያፈሰሰ የሚኖር ይመስለዋል። አይደለም! ተክሉ ናይትሮጅኑን የሚሠራው ለራሱ ነው። ከዕባጩ ወጥቶ ሽቅብ ወደ ቅጠል፣ ወደ ግንድ፣ በኋላም ወደ ፍሬ ይሄዳል። በሕይወት እያለ ለጎረቤት የሚያንጠባጥበው ትንሽ ነው። መሬቱ የሚያገኘው ተክሉ ሲሞትና ሲበሰብስ ነው። ውርስ በሉት።

ስለዚህ ቅጠሉን አጭዳችሁ ከግቢ ካወጣችሁት ውርሱን ሌላ ሰው ወሰደው። እኔ ያደረግኩት ይሄንን ነው። ቅጠሉን በግ በላው። የበጉ በጠጥ ደግሞ በከረጢት ታስሮ ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ልጆች ተሰጠ፣ በጋሪ ሄደ፣ ከዚያ በመኪና ወደ ረጲ። ከሰማይ አወርደዋለሁ ያልኩት ናይትሮጅን አራት ኪሎን ሳይረግጥ ቆሼ ገባ።

ለአጎቴ ይሄንን ሳጫውተው ተከራከረኝ። "ባቄላ በነበረበት መሬት ስንዴ ስዘራ ይሰጠኛል። ባቄላውን አጭጄ፣ ወቅቼ፣ ሸጬ ነው እንግዲህ። እንዴት ትላለህ?" አለኝ። እውነቱን ነው። ባቄላ በፍሬው አብዛኛውን ናይትሮጅን ይዞ ይወጣል፤ ፕሮቲን የምንለው እሱ ነው። ግን ባቄላው ከአየር ስለተመገበ በአፈሩ ውስጥ የነበረውን ብዙም አልነካውም፤ ስንዴ ቢሆን አሟጦ ይበላው ነበር። ሥሩና የረገፈው ቅጠል ይቀራል። በዚያ ላይ የስንዴን ሥር የሚያበላሹ በሽታዎች አንድ ዓመት የሚበሉት ያጣሉ። አጎቴ ያተረፈው በአብዛኛው ባቄላው ሰጥቶት ሳይሆን ከአፈሩ ባለመውሰዱ ነው። ሰብል ማፈራረቅ የሚሠራው በዚህ ነው። ሽፋን ሰብል ግን ከዚያ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ ፍሬውን አትጠብቁም፣ ተክሉን ሙሉውን ለመሬት ትሰጡታላችሁ። አጎቴ "ታዲያ ያረስኩትን ሳልበላው?" ብሎ ሳቀብኝ። ሁለት ጥማድ መሬት ላለው ሰው ቀልድ አይደለም፣ ልክ ነው የጠየቀው። ለእኔ አሥር ካሬ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ቬች ዞርኩ። ቬች ሐረግ ነው፣ ቅጠሉ እንደ ምስር ደቃቅ፣ አበባው ወይን ጠጅ፣ ዘሩ ክብ ጥቁር። ደጋ ላይ ወተት የሚያመርቱ ሰዎች ከአጃ ጋር ደባልቀው ለላሞች ይዘሩታል፤ አጃው እንደ ምሰሶ ያቆመዋል፣ ቬቹ ይጠመጠምበታል። ብዙ ዝርያ አለው። ቪሲያ ሳቲቫ የሚባለው ቶሎ ያብባል፤ ቪሎሳና ዳሲካርፓ የሚባሉት ይዘገያሉ ግን ብዙ ቅጠል ይሰጣሉ፣ መሬቱን እንደ ጋቢ ያለብሱታል። ለሽፋን እነዚህ ይሻላሉ። አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ ፍሬው ምስር ይመስላል እንጂ ለሰው አይበላም፣ ለዶሮም መርዝነት አለው። የጓያ የሥጋ ዘመድ መሆኑን አትርሱ።

እግረ መንገዴን ስለ ማገጥ ልበል። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መስከረም ላይ በየመስኩ ሣር ውስጥ የሚፈነዳው ያ ሦስት ቅጠል ያለው ነው። እሱም ናይትሮጅን ሠሪ ነው፣ ያውም የአገር ልጅ። የኢትዮጵያ ደጋ በማገጥ ዓይነት ሀብታም ነው። በ1974 በፈረንጅ አዲስ አበባ የተቋቋመው የአፍሪካ የእንስሳት ምርምር ማዕከል እነዚህን ማገጦች ሰብስቦ ለመኖነት አጥንቷቸዋል፤ ዛሬ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ውስጥ ገብቷል፣ የመኖ ዕፅዋት ዘር ባንኩም እዚሁ አዲስ አበባ ነው ያለው። ማገጥ ዋልካ ላይ፣ ውሃ በተኛበት ቦታ ሳይቀር ይችለዋል፤ ቬች ውሃ ከተኛበት ይታመማል። አቃቂና ቃሊቲ ያላችሁ፣ ጥቁር አፈር ላይ የምትታገሉ፣ ይሄንን ልብ በሉ። እኛ ወደ እንጦጦ በኩል ያለነው ቀይ አፈር ስለሆነ ቬቹ ይስማማናል።

አዘራሩ ከባድ አይደለም። ለአሥር ካሬ 40 ግራም ገደማ ዘር ይበቃል፣ አንድ ጭብጥ ማለት ነው። አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ መበተን፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አፈር ማልበስ። ሰኔ መጨረሻ ዝናቡ ከያዘ በኋላ ዘራሁት። በስድስተኛው ሳምንት አንዱን ነቅዬ ሥሩን አጠብኩት። ዕባጮቹ እንደ ጤፍ እንኩሮ ተጠቅጥቀዋል! አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅኩት፣ ቀይ። ሰው ብጠራ እብድ ይለኛል ብዬ ብቻዬን ተደሰትኩ።

መቼ ማጨድ እንዳለባችሁ የሚወስነው አበባው ነው። ግማሽ ያህሉ ሲያብብ ማጨድ ነው፣ ሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ የተዘራ ብዙውን ጊዜ ከመስቀል ወዲህ እስከ ጥቅምት ይደርሳል። ከዚያ በፊት ካጨዳችሁት ገና ትንሽ ነው። ካሳለፋችሁት ደግሞ ናይትሮጅኑ ወደ ፍሬ ይሰበሰባል፣ ግንዱ ይጠነክራል፣ ፍሬውም ይረግፍና በሚቀጥለው ዓመት ራሱ አረም ሆኖ ይመጣል። እኔ አንዱን ጥግ ረስቼው ፍሬ አፈራ። ዘሩ ድንጋይ ነው፣ አንዳንዱ አፈር ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ በተከታዩ ዓመት ይበቅላል። አሁንም ድረስ ከአጥሩ ሥር ብቅ እያለ በዲሹ ገመድ ላይ ይወጣብኛል።

ግንዱ ሲጠነክር ምን ችግር አለው ካላችሁ፣ ይሄ የነገሩ እምብርት ነው። አፈር ውስጥ ያሉት አበስባሾች ሲበሉ ካርቦንና ናይትሮጅንን በመጠን ነው የሚፈልጉት። ለምለም ቬች ሲያብብ ለአንድ ናይትሮጅን ከ10 እስከ 15 ገደማ ካርቦን አለው። ይሄ ለእነሱ ጥጋብ ነው፤ በልተው የተረፋቸውን ናይትሮጅን ለአፈሩ ይለቁታል። የእህል ጭድ ግን ለአንድ ናይትሮጅን ከ60 በላይ ካርቦን አለው። ጭድ ስትቀብሩ አበስባሾቹ ናይትሮጅን ስለሚያንሳቸው ከአፈሩ ውስጥ ያለውን ይሻሙታል፣ ጎመኑም ለጊዜው ይራባል። መሃሉ ያለው መለያያ 25 አካባቢ ነው። ከዚያ በታች የሆነ ነገር አፈርን ያበላል፣ ከዚያ በላይ የሆነ መጀመሪያ ይበላል። "ማዳበሪያ ብዬ ጭድ ቀበርኩ፣ ባሰበት" የሚሉ ሰዎች ምስጢራቸው ይሄው ነው። ጭድ መጥፎ አይደለም፣ ከላይ ጉዝጓዝ አድርጉት እንጂ አትቅበሩት።

ካጨድኩ በኋላ በማጭድ ቆራርጬ እዚያው አነጠፍኩትና ከላይ ከላይ ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩት። ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር አያስፈልግም፤ አበስባሾቹ አየር ይፈልጋሉ። ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት መታገሥ። ወዲያው ዘር ከዘራችሁ ትኩስ ብስባሹ ዘሩን ያበሰብስባችኋል። ችግኝ ግን ይችላል፣ እኔ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የጎመን ችግኝ ተከልኩ።

አዲስ አበባ ላይ ጊዜው ራሱ አንድ ጥቅም አለው። የበሰበሰው ናይትሮጅን መጨረሻ ናይትሬት ይሆናል፣ ናይትሬት ደግሞ በውሃ ይታጠባል። በልግ ላይ ዘርታችሁ ግንቦት መጨረሻ ብትቀብሩት፣ የሐምሌው ዶፍ መጥቶ ግማሹን ቁልቁል ይዞት ይሄዳል፣ ቶሎ ሥር የሚሰድ ነገር ካልተከላችሁበት በቀር። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሲሆን ግን ዝናቡ ያቆማል፣ ናይትሬቱም እዚያው ይጠብቃችኋል። ታዲያ ዝናብ ከሌለ ውሃ ማጠጣት የእናንተ ዕዳ ነው፤ ደረቅ አፈር ውስጥ ምንም አይበሰብስም። ውሃችን ደግሞ በፈረቃ ነው። አትክልት ያጠብኩበትን፣ ሩዝና ጥራጥሬ የዘፈዘፍኩበትን ውሃ አጠራቅማለሁ። የልብስ እጥበት ውሃ በተለይ በረኪና ያለበት አይሆንም።

ስንት ናይትሮጅን አገኘሁ? በጥሩ ዓመት ከአንድ ካሬ 400 ግራም ያህል ደረቅ ቬች ይገኛል እንበል፤ ለአሥር ካሬ አራት ኪሎ ይሆናል፣ ለምለሙ ሃያ ኪሎ አካባቢ ማለት ነው። ከደረቁ 3.5 በመቶ ገደማው ናይትሮጅን ነው፤ 140 ግራም። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ ይሄ ከ300 ግራም ዩሪያ ጋር እኩል ነው። አዎ፣ ሦስት መቶ ግራም! ለዚህ ነው ሙሉ ክረምት የለፋሁት። እሱም ሁሉ ከአየር የመጣ አይደለም፣ ከፊሉን ተክሉ ከአፈሩ ነው የወሰደው። የመጀመሪያው ጎመን ደግሞ ግማሹን እንኳ ካገኘ እሰየው ነው፤ የቀረው አፈር ውስጥ ይቆያል።

ስለዚህ እውነቱን ልንገራችሁ። የሚያስፈልጋችሁ ናይትሮጅን ብቻ ከሆነ በደንብ የበሰበሰ አንድ ኬሻ የዶሮ ኩስ ይቀላል፣ ክረምታችሁንም አይበላባችሁም። ቬች የሚያዋጣው ሌላውን ስትደምሩበት ነው። የሐምሌ ዝናብ ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ከግቢዬ ወደ ቱቦ የሚወርደውን ቀይ ጎርፍ ማየት በቂ ነው። ቬቹ ከሸፈነው ወዲህ የሚወርደው ውሃ ጠራ። አረም አልነበረም፣ ጥላው አፍኖታል። አፈሩም ስቆፍረው እንደ ድሮው ጓል ጓል ሆኖ አይነሳም፣ ይፈረካከሳል። ይሄንን ዩሪያ አይሠራውም። በማዳበሪያ ከረጢትና በቀለም ባልዲ ለምትተክሉ ሰዎች ግን አልመክርም፣ ቦታ ማባከን ነው። ኮምፖስት ጨምሩበት፣ በቃ።

አንድ የመሃል ከተማ ጣጣም አለ። የእኛ ግቢዎች አፈር ግማሹ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ነው፤ ሲሚንቶ፣ ኖራ፣ ሸክላ። ሲሚንቶ አፈሩን ጨዋማ ባያደርገውም የአሲድ ተቃራኒ ያደርገዋል፣ ያኔ ተክሉ ብረት መሳብ ያቅተዋል፣ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። ከናይትሮጅን ረሃብ እንዴት ይለያል? ናይትሮጅን ሲጎድል ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ ያበላል፤ ስለዚህ ቢጫው ከታች ይጀምራል። ብረት ግን ከቅጠል ቅጠል አይዞርም፤ ሲጎድል አዲሱ የላይኛው ቅጠል ነው ቢጫ የሚሆነው፣ የቅጠሉ ደም ሥሮች ብቻ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ከላይ ቢጫ የሆነባችሁ ሰዎች መቶ ዓመት ቬች ብትዘሩ አይሻላችሁም፣ ፍርስራሹን ልቀሙ። "አመድ ጨምርበት" የሚላችሁንም አትስሙ፤ አመድ የሚጠቅመው አሲዳማ ለሆነ አፈር ነው፣ ሲሚንቶ ላለበት ቤንዚን እሳት ላይ ነው።

የበጎቹ ጉዳይስ? እትዬ ዘንድሮም ሁለት በግ አስረዋል፣ ዘንድሮም ቬቹን አይተው ዓይናቸው አልቻለም። እምቢ ማለት ደግሞ አልቻልኩም። ደግሞስ ያ 3.5 በመቶ ናይትሮጅን በከብት ሰዎች ቋንቋ ሲሰላ ከ20 በመቶ በላይ ፕሮቲን ነው፤ የጭድ ፕሮቲን የዚህን ሩብ ቢሆን ነው። መቅበር ያሳዝናል። ግን አንድ ነገር አውቄያለሁ፤ በግ ከበላው ናይትሮጅን ሥጋ አድርጎ የሚያስቀረው ትንሹን ነው፣ አብዛኛው በበጠጥና በሽንት ይመለሳል። ከሁለቱም ደግሞ ሽንቱ ነው ቶሎ የሚያመልጠው፣ የሚይዘው ነገር ካላገኘ።

ስለዚህ ተደራደርን። ግማሹ ቬች ለመሬቴ፣ ግማሹ ለበጎቹ። እሳቸው በበጎቹ ሥር ጭድ ይጎዘጉዛሉ፤ ያ በካርቦን የጠገበው ጭድ ሽንቱን ይመጥና ናይትሮጅን ያገኛል፣ ሁለቱም ይጣጣማሉ። ጉዝጓዙ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ አይሰጥም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በኬሻ ለእኔ ይመጣል። "እኔ ሣር ለመንኩህ፣ አንተ ቆሻሻ ትለምነኛለህ፤ ምን ዓይነት ዘመን ነው" ብለው ይስቃሉ። ኬሻው ሲከፈት ዓይን ያቃጥላል። የሚያቃጥለው አሞኒያ ነው፣ ናይትሮጅኔ ወደ መጣበት አየር ሲሸሽ ማለት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬን እንኳ ሳልጠጣ አፈር አለብሰዋለሁ።